ጭረት የሌለው ሌንስ

ጥቅምት 3

ለልጅ ልጄ ለቆቋ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ እሱ ግን መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል፣ ተይው። ደብዳቤሽን የአውቶቡሱ ሾፌር እሁድ ዕለት በመስኮት ወረወረልኝ። እንደ ሰው ወርዶ መስጠት እሱ ዘንድ የለም። «ቶሎ ይበሉ እማማ፣ ተሳፋሪው ይቆጣኛል» ይላል። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ጥሎ ተኝቷል፤ የሚቆጣው ማን እንደሆነ እንጃ።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፤ ኋላ ወሬ ሲይዘኝ እረሳዋለሁ። አዎ፣ ደርሶኛል። ገንዘቡም፣ የካሜራሽን አፍ የሳልሽበት ወረቀትም። እንዲህ ነው እንጂ! አፉ ካልገጠመ የወርቅ ሌንስ ቢሆን ምን ይሠራል። የፋብሪካውንም ስም በትልቁ መጻፍሽ ደግ አደረግሽ፤ እኔ ባላነበው ሻጩ ያነበዋል።

ስልክ ለምን አታነሺም ላልሽው፣ የግራ ጆሮዬ ተዘግቷል፤ ቀኙ ደግሞ ስልክ ሲጠጋው የሚሰማው ንብ ብቻ ነው። ባለፈው ስትደውዪ «እሺ፣ እሺ» ያልኩሽ አንዱንም ሳልሰማ ነው። በምን እንደተስማማሁ እስካሁን አላወቅኩም። ደብዳቤ ይሻለናል። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ያው ከጎልማሶች ትምህርት ያገኘሁት ነው፣ ቻይው።

ሴትየዋ ቃል መግባቷን ሳነብ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤቷ ውስጥ የመታወቂያ ፎቶ በመቀስ ስታስቆርጥሽ ኖራ፣ አሁን የትምህርት ቤቱን የክፍል ፎቶ አንሺ ትበልሽ! ታኅሣሥ አምስት ነው አይደል? የራስሽ ካሜራና የራስሽ ሌንስ ካለሽ፣ ከሌለሽ ደግሞ ሌላ ሰው። ገባኝ። ካሜራውን የሸጠልሽ ሰውዬ ሌንሱን ለራሱ አስቀርቶ ባዶውን ነው የሰጠሽ፤ ለዚያ ነዋ የረከሰው። ግድ የለም። እናንተ ጋ ሌንስ ከሌለ እኛ ጋ አለ። ሰኞ እሄዳለሁ። አያትሽ ነፍሱን ይማረውና ሠላሳ ዓመት ሲያነሳ እኔ ሠላሳ ዓመት ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀት ሳጥብ ነው የኖርኩት። ሌንስ እኔን አያታልለኝም።

እዚያ ይበርዳል? ያ ቀዩ ብርድ ልብስ ይበቃሻል?

አያትሽ


ጥቅምት 17

ቆቅዬ፣

ባለፈው ቅዳሜ ሳልጽፍልሽ ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ። ሾፌሩ ቀደም ብሎ ወጣና ፖስታዬን ይዤ አቧራውን ሳይ ቆምኩ።

ሄጄ ነበር፣ ችኩሉ ሱቅ። ታስታውሽዋለሽ? አያትሽ ጋ ሥራ የተማረው። አንድ ቀን የሰርግ ፎቶ ስናጥብ የጨለማውን ክፍል በር ብርግድ አድርጎ የሙሽሮቹን ፊት በሙሉ ያጠቆረው። ያን ዕለት «ችኩል» አለው አያትሽ፣ ያው ቀረለት። አሁን ግን ብታዪው ሆድ አውጥቷል፣ መነጽር አድርጓል፣ አንድ ዕቃ ከመደርደሪያ ለማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሱቁ ያ ደረጃው የተሸረፈው ሕንፃ ሥር ነው፣ በልብስ ሰፊውና በቁልፍ ቀራጩ መሀል። ያገለገለ ካሜራና ሌንስ ብቻ ይሸጣል።

«እትዬ! ከየት ተገኙ?» አለኝ።

«ከቤቴ። የጠፋኸውስ አንተ። ጋሽህ ከሞተ ወዲህ ደጄን ረግጠሃል?»

አንገቱን ደፋ። ሆዴ ራራና ወንበር እንዲያመጣልኝ አዘዝኩት። ከዚያ ወረቀትሽን አየና ላንቺ ካሜራ የሚገጥሙ ሦስት ሌንሶች ቢጫ ጨርቅ ላይ ደረደረልኝ። አንዱ አጭር ሆኖ የሚጎተት፣ ከአስራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት የሚል። ሁለተኛው ሃምሳ ብቻ፣ የማይጎተት፤ ወዲያና ወዲህ የምትሄጂው ራስሽ ነሽ። ሦስተኛው ክንድ የሚያህል ረጅም፣ የጎረቤት ሰው ጥርስ የሚቆጥር።

«ልጅቷ የምታነሳው ምንድን ነው?» አለኝ።

«የክፍል ፎቶ፣ ተማሪዎች።»

«እንግዲያማ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው በአንዴ ያስገባል» ብሎ አጭሩን፣ የሚጎተተውን፣ እጄ ላይ አስቀመጠው። እኔ ግን ሳልጠይቅሽ አልገዛም አልኩት። ስለዚህ ንገሪኝ፣ ክፍሉ ስንት እርምጃ ነው? ልጆቹ ስንት ናቸው? መስኮቱስ በየት በኩል ነው? ግቢ ውስጥ ማንሳት አይቻልም? አያትሽ የክፍል ፎቶ ሁልጊዜ ግቢ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር የሚያነሳው።

እዚህ ምንም አዲስ ነገር የለም። የግድግዳ ጎረቤቴ ልጇ ጋ ለመኖር ሄደች። ያቺ ሬዲዮኗን እያስጮኸች የምታስመርረኝ። ጆሮዬ ተዘግቶም እሷን እሰማት ነበር። አሁን ግድግዳው ዝም ብሏል። ከፊት የአያትሽን ስቱዲዮ የተከራየው ሞባይል ጠጋኙ የውሃውን ቁልፍ ሲፈልግ ብቻ ያንኳኳል።

ቶሎ መልሺልኝ፣ ሌንሱ ያንቺን ቃል ነው የሚጠብቀው።

አያትሽ


ኅዳር 1

ለቆቋ፣

አርባ ሁለት ልጆች! ስምንት እርምጃ ክፍል ውስጥ! ምነው፣ ከረሜላ ናቸው እንዴ አንድ ከረጢት የሚታጨቁት? ግቢውን ለቧንቧ ከቆፈሩት ምን ይደረጋል እንግዲህ። መስኮቱ በግራ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ትንሽ ዞር አድርጊያቸው፣ ጥላው አፍንጫ ሥር እንዳይተኛ።

«አጭሩን፣ ከአስራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስቱን ግዢልኝ፣ ሌላ አልፈልግም» ብለሽ ከሥሩ ሁለቴ አስምረሽበታል። አይቼዋለሁ። ማክሰኞ ሄድኩልሽ። የእጅ ባትሪዬን ይዤ ሄድኩ፣ እንደ ድሮው። በኋላ በኩል አበራሁና በፊት በኩል አየሁ። ሻጋታ ቢኖረው እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል፤ እሱስ የለበትም። ነገር ግን በኋላው መስታወት ላይ ጭረት አየሁ። የፊቱ ጭረት ምንም አይል፣ የኋላው ግን ፎቶው ላይ ይወጣል። ይህን አያትሽ ሺህ ጊዜ ነግሮኛል።

ችኩሉ መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። «እትዬ፣ እኔ ምንም ጭረት አይታየኝም» አለ።

«ሆድ እንጂ ዓይን አላወጣህማ» አልኩት።

ልብስ ሰፊው ከወዲያ ሳቀ። ችኩሉም ሳቀ። ሻይ አዘዘልኝ። እስኪመሽ ተጎልቼ ስለ አያትሽ አወራን፤ እንዴት ደንበኛን «ፈገግ በል» ብሎ የማያውቅ እንደነበር፣ «የሞተ ሰው ካለባችሁ አስታውሱት» እያለ ነበር እኮ ቁም ነገረኛ ፊት የሚያወጣው። ብዙ ጊዜ ነው እንዲህ ካወራሁ።

ሌንሱን ትቼው መጣሁ። የተጫረ ዕቃ ልኬ ስምሽን አላስጠፋም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ በቀን ብርሃን አየዋለሁ። ገና ከወር በላይ አለሽ።

ምን እየበላሽ ነው? ብቻሽን ነሽ ወይስ እዚያ ቤት የሚያወራሽ ሰው አለ? ወንድ ማለቴ ነው፣ እንዳትሸውጂኝ።

አያትሽ


ኅዳር 9

እምዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። ጭረቱ ትንሽ ከሆነ ግድ የለኝም፤ እባክሽ ግዢና ላኪልኝ። ከቀኑ በፊት መለማመድ አለብኝ። ሴትየዋ በየጠዋቱ «መጣ?» ትለኛለች። እኔም «አያቴ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ኖራለች፣ እንዲሁ ዝም ብላ አትገዛም» እላታለሁ።

ሥራ በዝቶብኝ የጠየቅሽኝን ሁሉ መመለስ አልቻልኩም። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ብርድ ልብሱ ይበቃኛል። አይ፣ ማንም የለም።

ቆቅ


ኅዳር 15

የኔ ቆቅ፣

«ማንም የለም» ያልሽው ፊደሉ ተጣሞ ነው የተጻፈው። ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሎ እሱ ብቻ ለምን ተጣመመ? እሺ፣ ትቼዋለሁ።

ለሴትየዋ ስለ እኔ ያልሽላትን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። የት ላድርገው ታዲያ፣ የማሳየው ሰው የለም። ሞባይል ጠጋኙ ቁልፍ ሊወስድ ሲመጣ «ልጄ ስለ እኔ እንዲህ ብላለች» አልኩት። «እሺ እማማ» ብሎ ወደ ውሃው ሄደ።

አትቆጪኝ፣ ሌንሱን ገና አልገዛሁትም። ጭረቱን ተይው ብለሽኛል፣ ተውኩት። አሁን ግን ሌላ ነገር ተገኘበት። አፉን ወደ መሬት ስታዘነብዪው የሚጎተተው ነገር በራሱ ይንሸራተታል። እያነሳሽ ሳለ ዝርግፍ ቢልብሽስ? ለችኩሉ አሳየሁት።

«እትዬ፣ እሱ እኮ አይወርድም፣ እርስዎ ነዎት በአውራ ጣትዎ የሚገፉት!»

«እኔ? ይሄ ጣት ስንት ሺህ ፎቶ ሳያበላሽ ያጠበ ጣት ነው። አንተን ነው እንጂ በር ላይ የማያምኑህ።»

ሌንሱን ከእጄ ተቀበለና «ልጅቷ አትቸኩልም እንዴ?» አለ በቀስታ። ልጄ ጥሩ ዕቃ ነው የምትፈልገው አልኩት። ወንበሬን ግን አሁን ሳልጠይቀው ነው የሚያወጣልኝ፤ ትራስም አድርጎበታል።

የፍላሽ ነገር እንዴት ሆነ? ሴትየዋ ታውስሻለች? እግር ያለው ነው ወይስ በእጅ የሚያዝ? ልጆቹስ የደንብ ልብሳቸው ምን ዓይነት ነው? ነጭ ከሆነ ፍላሹ እንዳያነጣው ተጠንቀቂ። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ሌንስ እንዴት እመርጣለሁ? ጻፊልኝ።

አያትሽ


ኅዳር 29

ለልጅ ልጄ፣

ይኸው ሌንስሽ። በፎጣ ጠቅልዬ፣ ፎጣውን በካርቶን አድርጌ፣ ካርቶኑን በክር አስሬ ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ። «እግርህ ሥር እንዳታደርገው» ብዬ አስምዬዋለሁ። የዘገየን መሰለሽ እንጂ በጊዜው ነው፤ ስድስት ቀን አለሽ።

ስትፈቺው እንዳትደነግጪ፣ ሃምሳው ነው። አስቤበት ነው። አያትሽ የዚህን ከተማ ሰው ግማሹን በሃምሳ ሌንስ ነው ያነሳው፤ ሕፃኑን፣ ሽማግሌውን፣ የክፍል ፎቶውንም ጭምር። ጥርት ያለ ነው። ብርሃን በደንብ ያስገባል፣ ደብዘዝ ባለ ክፍል እንኳ ፍላሽ አያስለምንሽም። የሚጎተት ነገር የለውም፣ አይወርድ አይወጣ። በባትሪ አየሁት፣ እንደ ውሃ ንጹሕ ነው። ችኩሉም ብዙ ብዙ ተናገረ፤ እሱ መናገር ይወዳል፣ ተይው።

እንደተለመደው ወደኋላ ጠጋ ብለሽ አንሺ፣ ሌላ ምን አለው።

ደህና ሁኚ። ቀኑ እንዴት እንደዋለ ትጽፊልኛለሽ?

አያትሽ


ታኅሣሥ 7

እምዬ፣

ሌንሱ ቅዳሜ ማታ ደረሰኝ። እሁድ ክፍሌ ውስጥ ሞከርኩት። እይታው እንደሚጠብ ያን ጊዜ አውቄ ነበር፣ ግን ምን ላድርግ፣ ሌላ የለኝም።

አርብ ዕለት ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በግራ ሰባት ልጆች፣ በቀኝ ስድስት ልጆች ውጪ ቀሩ። በሩን ከፍቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የበሩ እንጨት ገባ። ልጆቹ ሳቁብኝ። መምህሩ ሰዓቱን ያይ ነበር። ሴትየዋ የራሷን ካሜራ አወጣች፤ እኔ ፍላሽ ይዤ ቆምኩላት። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ መቀሱን አስቀምጣልኛለች።

አጭሩን ነበር የጠየቅኩሽ። ለምን እንደተቀየረ ብቻ ንገሪኝ።

ቆቅ


ታኅሣሥ 13

ለልጅ ልጄ፣

ደብዳቤሽን አምስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ደጋግሜ ጀምሬ ቀደድኩ። ሰበብ ሞልቶኝ ነበር፤ አንዱ ከሌላው የሚያምር። ምላሴ መቼ ሰበብ ያጣል። ተውኩት።

አጭሩ ሌንስ ላይ ጭረት አልነበረም። በኋላውም በፊቱም። ባትሪውን ካበራሁበት ቅጽበት ጀምሮ ንጹሕ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እንዲያውም ከሦስቱ እሱን የመሰለ አልነበረም። መንሸራተትም አልተንሸራተተም። በአውራ ጣቴ የገፋሁት እኔ ነኝ፣ ችኩሉ ልክ ነበር። እዚያ ሁለት ሰው ፊት ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ ለአንቺ ደግሞ ጻፍኩት።

ኅዳር ሃያ አምስት ቀን እገዛዋለሁ ብዬ ስሄድ ተሸጧል። አንድ የቤት ደላላ ወስዶታል፣ የሚሸጡ ቤቶችን ሳሎን ሊያነሳበት። ያለው አንድ ብቻ ነበር። ችኩሉ «እኔ እንግዲህ እርስዎ አይፈልጉትም ብዬ ነው» አለኝ። የቀሩት ሃምሳውና ያ ክንድ የሚያህለው ናቸው። ሃምሳውን አነሳሁ። ያን ጊዜ ችኩሉ ወረቀት አውጥቶ ሳለልኝ፤ የድሮው ፊልም ይህን ያህላል፣ የአንቺ ካሜራ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ከዚያ ያንሳል፣ ስለዚህ በአያትሽ ካሜራ ሰፊ የነበረው ሃምሳ በአንቺ ካሜራ ይጠባል፣ ክፍል ውስጥ አይበቃትም አለኝ። ገብቶኛል። ደደብ አይደለሁም። ለአንቺ ግን «ብዙ ብዙ ተናገረ፣ ተይው» ብዬ ጻፍኩልሽ። ሌንሱ ተሸጠብኝ ብዬ ከምጽፍ፣ አያትሽን ከመቃብር አውጥቼ ምስክር አደረግሁት።

ለምን ብለሻል። ባለፈው ዓመት በሙሉ አንድ ደብዳቤ ነው የጻፍሽልኝ። ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም፣ ሥራ አለሽ፣ ወጣት ነሽ። ከዚያ ይሄ ሌንስ መጣ። መልስ፣ በመልስ ላይ ደግሞ መልስ። እሁድ ስትሆን ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ አውቶቡስ ተራ እሄዳለሁ። ሾፌሩ ከሩቅ እጁን ያወጣልኛል። ከቤቴ እስከዚያ ሰው ሰላም ሲለኝ «ደብዳቤ ልቀበል ነው» እላለሁ። ማክሰኞ ደግሞ ችኩሉ ጋ የምሄድበት ጉዳይ አለኝ፣ ወንበር አለኝ። ሌንሱ የተገዛ ዕለት ይህ ሁሉ እንደሚያልቅ አየሁ። አንድ ሳምንት ልጨምርበት አልኩ። አንዱ ሌላውን ጠራው። ቀን ቆጥሬ፣ ጊዜ አለ ብዬ፣ በአንቺ ቀን ላይ ተጫወትኩበት።

ልጆቹ ሲስቁብሽ አያትሽ ደግሞ ትራስ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣ ነበር። ይህን እወቂው።

እንድታዝኚልኝ አይደለም የጻፍኩት። ብታዝኚልኝ ሁለተኛ ስርቆት ይሆንብኛል።

አያትሽ


ታኅሣሥ 27

ለልጅ ልጄ፣

ሁለት እሁድ ሾፌሩ እጁን አላወጣም። ይገባኛል። ይህኛው ወሬ ሳይሆን ዕቃ ነው።

ደላላው ጋ ሄድኩ። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ጉልበቴን ሦስት ቦታ አሳርፌ ወጣሁ። ጠረጴዛው የቁልፍ ክምር ነው። ሰውዬው ገና ልጅ ነገር ነው፣ ክራቫቱ ብቻ ነው ያደገው።

«ቤት ነው የሚፈልጉት እናቴ? የሚከራይ ወይስ የሚገዛ?»

«ሌንስህን ነው የምፈልገው።»

ሳቀ። ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት፤ መዋሸቴንም ጭምር። ሳቁን አቆመ። ግን ነጋዴ ነው፣ በባዶ እጅ አይሆንም፣ ለሥራዬ ያስፈልገኛል አለ። ዋጋውን ብመልስለትም ሌላ እስኪያገኝ ሥራው ይቆማል። ይህን ጠብቄ ስለነበር ከዘንቢሌ የአያትሽን ካሜራ አወጣሁ። ከነቆዳ ልባሱ።

«ይሠራል?» አለኝ።

«ካንተ ይሻላል» አልኩት። ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው።

እያገላበጠ አየው። ፊልሙ የት እንደሚገባ እንኳ አያውቅም። «ደንበኛ ሲመጣ ደስ ይለዋል፣ ለጌጥ ይሆነኛል» ብሎ መደርደሪያው ላይ፣ በፕላስቲክ አበባና በቀን መቁጠሪያ መሀል አስቀመጠው። ካሜራውም የሌንሱም ዋጋ ለእሱ፣ ሌንሱ ለአንቺ። ተስማማን። ደረጃውን ስወርድ ቀስ ብዬ ነው የወረድኩት፣ እጄ ላይ የያዝኩት ያንቺ ስለነበር።

ችኩሉ ጋ ወሰድኩት፤ በባትሪው አየው። «ንጹሕ ነው» አለኝ። እኔም ንጹሕ ነው አልኩ።

ሃምሳውን አትመልሺው፣ ላንቺ ይሁን። ይሄ ሌንስ የዘገየ ነው፣ አውቃለሁ። ታኅሣሥ አምስትን አይመልስም። ለሌላ ቀን ይሁንሽ።

አያትሽ


ጥር 18

ለልጅ ልጄ ለቆቋ፣

እሁድ ዕለት ሾፌሩ እጁን አወጣ። ዘንድሮ ጉድ ነው፣ ከአውቶቡሱ ወርዶ ነው የሰጠኝ። ምን አይቶብኝ እንደሆነ እንጃ፣ አልጠየቅኩትም።

አራት መስመር ነው የጻፍሽው። ይበቃል። «ሌንሱ ደርሷል፣ ንጹሕ ነው» የሚለውን አየሁ። «ገና ተናድጃለሁ፣ አልበረደልኝም» የሚለውንም አየሁ። ይገባሻል። ስለ እኔ ብለሽ አታብርጂው፣ ራሱ ሲበርድ ይብረድ። ከትንሽነትሽ ጀምሮ የምታኮርፊው ቆጥበሽ ነው፣ ስታኮርፊ ግን አሳምረሽ ነው።

ፎቶ በተነሱበት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርተው የነበሩትን አስራ አንድ ልጆች እንድታነሺ ሴትየዋ እንደላከችሽ የጻፍሽው፣ እሱን ከሁሉ አስቀድሜ ነው ያነበብኩት። አስራ አንድ ልጅ ትንሽ አይደለም። የታመመ፣ የዘገየ፣ የደንብ ልብሱ ያልደረቀለት፣ ያ ሁሉ ነው የሚሰበሰበው፤ ዘንድሮ የክፍል ፎቶ ላይ የለሁም ብሎ የነበረ ልጅ ሁሉ። በእነሱ ቦታ ብሆን ላንቺ ነበር ደህና አድርጌ የምቆመው።

እኔ ያው ነኝ። ችኩሉ ሱቅ አልሄድኩም። ዕቃ ሳይገዙ ወንበር ላይ መጎለት በሱቁ አያምርም፣ የምገዛውም የለኝም። አንድ ቀን በደላላው ቢሮ በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ ሳይ ካሜራውን መስኮቱ ላይ አምጥቶታል፣ ፊቱን ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ ግድግዳው አዙሮታል። እነዚያን ደረጃዎች ደግሜ ወጣሁ። ሰውዬው ስልክ ላይ ነበር። ካሜራውን ወደ መንገዱ አዞርኩትና ወረድኩ።

ቀኑ ረዝሟል። ጠዋት በር ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ። ሞባይል ጠጋኙ የራሱን ቁልፍ አስቀርጿል፣ አሁን አያንኳኳም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ትንሽ ልጅ ሆነሽም የጠየቁሽን ነገር ሳትመልሺ እንቅልፍ አይወስድሽም ነበር፤ ተኝተሽ ተነስተሽ መጥተሽ ትመልሺ ነበር። እኔ ይህን ስለማውቅ በየደብዳቤዬ ብርድ ልብሱን፣ ምግቡን፣ ፍላሹን እያልኩ ጥያቄ እሰካልሽ ነበር። ያስገደድኩሽ መሰለኝ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥያቄ የለበትም። ደህና እደሪ፣ ተኚ።

አያትሽ